ያልታጠፈው የደመወዝ ወረቀት

ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ወገብህ፣ ወንበር ላይ ስትውል የሚይዝህ፣ ተሻለህ ወይስ አሁንም ትራስ ደግፈህ ነው የምትሠራው? እማዬስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ደህና ነው? መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ትወስዳለች ወይስ "ደህና ሆኛለሁ" እያለች ከትራሷ ሥር ትሸጉጠዋለች? እትዬስ፣ ልጆቻችሁስ እንዴት ናቸው? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው ወይ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። እጄም እግሬም ጤነኛ ነው። ስለ ሌላው ወረድ ብለህ ታነባለህ።

በፖስታው ትልቅነት አትደንግጥ። እዚህ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ የራጅ ፊልም የምንከትበት ፖስታ ነው። እንግዳ ተቀባያችንን አንድ ስጪኝ ብዬ ስለምናት "ለየትኛው ውሻ ነው?" አለችኝ። "ለወንድሜ ነው" ብላት በሳቅ ሞተች። ውስጡ ወፍራም ካርቶን ስላለው በመንገድ ላይ አይታጠፍም። ለምን እንዳይታጠፍ እንደፈለግኩ ከማንም በፊት ይገባሃል ብዬ አስባለሁ።

ስልክ ያልደወልኩት ጠልቼ አይደለም። ሦስት ጊዜ ቁጥርህን አውጥቼ መልሼ ዘጋሁት። በስልክ ሁልጊዜ ትቀድመኛለህ። "ቆይ ጩጬ፣ መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ" ትላለህ፣ እኔም እንደ ልማዴ እሺ ብዬ አዳምጣለሁ፣ ስልኩ ሲዘጋ ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ሆኜ እገኛለሁ። ወረቀት ግን አያቋርጠኝም።

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ ያለ አንድ የወተት ከብት እርባታ ሄጄ ነበር። አንዲት ላም ጥጃዋ ሆዷ ውስጥ ዞሮባት ከጠዋት ጀምሮ ስታምጥ ነው የደረስኩት። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ፣ የጥጃውን የኋላ እግር ይዤ ሳቃና፣ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ይንጫጫል። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አምስቴ። ባለ ከብቱ "ባልሽ ነው መሰለኝ፣ ቸኩሏል" ብሎ ቀለደብኝ። "ባል ቢኖረኝ ላምህ ሥር ምን አንበረከከኝ" አልኩት። ጥጃዋ በሕይወት ወጣች፤ ሴት ናት፣ ወዲያው ተንገዳግዳ ቆመች። ደስ ብሎኝ እጄን ባልዲ ውስጥ ታጥቤ ስልኬን ከፈትኩት። የላኩት አጎታችን ልብስ ሰፊው ናቸው። መልእክት መጻፍ አይሆንላቸውም፣ ፎቶ ብቻ ነው የሚልኩት፤ ይህን አንተም ታውቃለህ።

የመጀመሪያው ፎቶ የስምምነት ውል ነው። የአባዬ ቤት የመንገድ ዳሩ ክፍል ለአንተ እንዲሆን፣ እኔም በቂ ገቢ ስላለኝና የመመለስ ሐሳብ ስለሌለኝ ድርሻዬን እንደተውኩ ይላል። ከሥሩ የአጎታችን ፊርማ፣ የሁለት ጎረቤቶች ፊርማ፣ የእማዬ የጣት አሻራ አለ። ስሜ ባለበት ቦታ ላይ "በደብዳቤ ያረጋገጠች" ተብሎ ተጽፏል። ሁለተኛው ፎቶ የእኔ የደመወዝ ወረቀት ነው፣ ማለትም የላይኛው ግማሹ። አጎታችን አንተ ስታሳያቸው "ይቺ ልጅ ይህን ሁሉ ታፍሳለች እንዴ!" ብለው ተገርመው፣ ለልጃቸው ሊያሳዩት ፎቶ አንስተውት ነበር አሉ። ከፈረሙ በኋላ ግን ልባቸው አላርፍ ብሎ ለእኔ ላኩልኝ።

እዚያው ባልዲው አጠገብ ተቀመጥኩ። ባለ ከብቱ ደክሞኝ መስሎት ወተት አመጣልኝ፤ መጠጣት አቃተኝ። ውሉን ደግሜ አላነበብኩትም። የማየው የደመወዝ ወረቀቱን አስተጣጠፍ ነበር።

ትዝ ይልሃል ወንድም ጋሼ? ከትምህርት ቤት ስወጣ ቤት ሰው ስለማይኖር አንተ ቢሮ እመጣ ነበር። የወሩ መጨረሻ ቀን መምህራኑ በሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ አንተ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለህ፤ እኔ የማኅተሙን ቀለም ይዤ አጠገብህ ሣጥን ላይ ጉብ እላለሁ። አንድ ሰው ሊፈርም ሲመጣ ፔሮሉን፣ የደመወዝ መክፈያ ዝርዝሩን፣ ሦስት ቦታ ታጥፈዋለህ። ከላይ ያለውም ከታች ያለውም ሰው ይደበቅና የፈራሚው መስመር ብቻዋን ትቀራለች። እጥፋቱን በአውራ ጣትህ ጥፍር ሁለቴ ታሰምርበታለህ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ። ከዚያ ወረቀቱ ተመልሶ እንዳይከፈት የግራውን ጥግ ትንሽ ወደ ውስጥ ትሰብረዋለህ። ለምን እንደዚህ እንደምታደርግ ስጠይቅህ "ደመወዝ ገመና ነው ጩጬ፤ የአንዱን ለሌላው አላሳይም" አልከኝ። ያኔ በምድር ላይ ከአንተ የበለጠ ሐቀኛ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ለክፍል ጓደኞቼ ሳይቀር አውርቼልሃለሁ።

ፎቶው ላይ ያለው ወረቀት የግራ ጥጉ ወደ ውስጥ ተሰብሯል። በዚያ መንገድ ወረቀት የሚያጥፍ ሌላ ሰው አላውቅም።

ሌላ ሰው ቢሆን ሳይገባው ነው ብዬ አልፈው ነበር። አጎታችን ሱሪ ሰፍተው የተቀበሏት ሁሉ የራሳቸው ናት፤ ስለ ተቀናሽ ከየት ያውቃሉ? ጎረቤቶቹም እንደዚያው። አንተ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ገንዘብ ያዥ ነህ። የመምህራኑን ግብር፣ ጡረታ፣ የብድር ተቀናሽ በቃልህ ትወጣዋለህ። ይህን ሥራ ያገኘሁ ቀን ደውዬልህ "አራት ሺህ ሁለት መቶ! ወንድም ጋሼ፣ አራት ሺህ ሁለት መቶ!" እያልኩ ስጮህ ምን ነበር ያልከኝ? "ቀስ በይ። እሱ የወረቀቱ ነው። ያንቺ ከታች ያለው ነው፣ እሱን ሳታዪ አትጨፍሪ" አልከኝ። የመጀመሪያውን ወር ደመወዝ ተቀብዬ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳለቅስም የደወልኩት ለአንተ ነው። ስቀህ "እንኳን ወደ ደመወዝተኞች ማኅበር በሰላም መጣሽ" አልከኝ፤ እኔም ከነእንባዬ ሳቅኩ።

ወረቀቱ እጅህ የገባውም በአንተው ጥያቄ ነው። ባለፈው ዓመት "አንድ የደመወዝ ወረቀትሽን ላኪልኝ፣ እዚያ ያለው ሒሳብ ሠራተኛ እንዴት እንደሚቀንስ ልየው፤ ቢያጭበረብሩሽስ?" አልክ። ደስ አለኝ። ወንድሜ ሊመረምርልኝ ነው ብዬ በነጋታው ላክሁት። የመለስክልኝ ደብዳቤ ይኸው አሁንም ግድግዳዬ ላይ ተለጥፏል፦ "ግብሩ ልክ ነው፣ ጡረታው ልክ ነው፣ የተጣራውም እስከ ሳንቲሟ ልክ ነው። ሰውየው ጎበዝ ነው፣ ሰላም በይልኝ" ይላል። እኔም ሰላምታህን ለሒሳብ ሠራተኛችን አድርሻለሁ። ስለዚህ እስከ ታች አንብበኸዋል። አላየሁም ልትለኝ አትችልም።

ለአጎታችንና ለጎረቤቶቹ ያልታየውን አሁን እኔ ልጻፈው፣ ለእነሱም ይድረስ። ከላይ አራት ሺህ ሁለት መቶ ይላል። የሥራ ግብር አንድ ሺህ ሃምሳ ይወስዳል። ጡረታ ሦስት መቶ ሰባ ስምንት። የጤና መድን ሁለት መቶ አሥር፤ በነገራችን ላይ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን አልታመምኩበትም። የሙያ ፈቃድና የሙያ መድን ሰባ ሁለት፤ ይኸኛው የሰው ውሻ እጄ ላይ ቢሞት የሚከሰኝ እንዳይዘርፈኝ ነው። የምተኛበት ክፍል የክሊኒኩ ንብረት ስለሆነ ኪራዩ ስድስት መቶ አርባ ገና እጄ ሳይገባ ይቆረጣል። ከታች የምትቀረው አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃምሳ ናት። ከእሷ ላይ በየወሩ አምስት መቶ ለእናንተ ትመጣለች። ሦስት መቶ ሃምሳ አስቀምጣለሁ። በቀረው በልቼ፣ ተሳፍሬ፣ ጫማ ገዝቼ እኖራለሁ። ባለፈው ሳምንት የአንዲት ድመት ጥርስ አጠብኩ፤ ባለቤቷ ለዚያች ለአንድ ሰዓት ሥራ የከፈለችው እኔ በሳምንት እጄ ከሚገባው ይበልጣል። ድመቷም አመስጋኝ አይደለችም፣ ነክሳኛለች።

የማስቀምጣት ሦስት መቶ ሃምሳ ለምን እንደሆነች ታውቃለህ። አባዬ ሊሞት ሳምንት ሲቀረው ሁላችንን አልጋው አጠገብ ሰብስቦ "የመንገድ ዳሩ ክፍል የጩጬ ነው፣ ከብት ታክምበታለች" ሲል ትራሱን ያስተካከልክለት አንተ ነበርክ። እስካሁን የመመርመሪያ ጠረጴዛ፣ የሕክምና ዕቃ ማምከኛ ማሽንና ትንሽ የመድኃኒት ማቀዝቀዣ ገዝቻለሁ፤ ሦስቱም ሁለተኛ እጅ ናቸው። ሽማግሌው ሐኪም፣ የክሊኒካችን ባለቤት፣ ምድር ቤት ባለው መጋዘን ውስጥ አስቀምጠውልኛል። በየቀኑ ሳልፍ በሩን ከፍቼ አያቸዋለሁ። ሐሙስ ማታ ግን ሳልከፍተው አለፍኩ።

የወረቀቱስ ይሁን። የሚቀጥለው ግን ይብሳል።

ቅዳሜ ዕለት ለአጎታችን ደወልኩላቸው። እማዬ እንዴት ጣቷን ሰጠች ብዬ ጠየቅኳቸው። "መጀመሪያ እምቢ አለች" አሉኝ። "ክፍሉ የልጄ ነው፣ አባቷ ነው የሰጣት፣ እሷ በሌለችበት ጣቴን አላሳርፍም ብላ ፊቷን አዞረች" አሉኝ። ያኔ አንተ ገብተህ የመጨረሻ ደብዳቤዬን አመጣህ። ከመሃሉ ፈልገህ አነበብክላት፦ "የመንገድ ዳሩን ክፍል ለወንድም ጋሼ ትቼዋለሁ። እኔ እዚሁ ኑሮዬን ይዣለሁ። አትጠብቂኝ።" እማዬም በነጠላዋ ጫፍ ጣቷን ጠርጋ ሰጠች አሉኝ።

የደብዳቤው ግልባጭ የለኝም፤ የጻፍኩትን ግን አልረሳሁም። እዚያ ቦታ ላይ የነበረው "የመንገድ ዳሩ ክፍል መስኮት ሰፋ ብሎ ቢሠራ ስንት እንደሚያስወጣ አናጢ ጠይቅልኝ፤ ለእማዬም ሁለት ዓመት ብቻ ቀረኝ በላት" የሚል ነበር።

ወንድም ጋሼ፣ ከድተኸኛል። ሌላ ቃል ብፈልግለትም አላገኘሁም። ክፍሉን መውሰድህ ያናድደኛል፤ ይህን አልደብቅህም። ግን ንዴት በርዶ ያልቃል። እናቴ ልጅሽ አትጠብቂኝ ብላሻለች ተብላ፣ ያንን ይዛ ስንት ሳምንት እንደተኛች ማሰቡ ግን አይበርድልኝም። በስልክ ስናወራ "በርቺ፣ ባለሽበት በርቺ" የምትለኝ ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ድሮ "መቼ ትመጫለሽ?" ነበር የምትለኝ። ስልኩ የአንተ ነው፣ ድምፁንም ከፍተህ አጠገቧ ትቀመጣለህ፤ እሷም አትጠይቀኝም፣ እኔም አልጠረጠርኩም።

የአራት ልጆች አባት እንደሆንክ አውቃለሁ። የአንተም የተጣራ ተከፋይ ከታች ስትታይ ምን ያህል እንደምታሳዝን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማኅተም ይዤ አጠገብህ ተቀምጬ አይቻታለሁ። እትዬ መንገድ ዳር ሱቅ ብትከፍት እንደሚቀላችሁም ይገባኛል። ብትጠይቀኝ ኖሮ እሰጥህ ነበር ብዬ መጻፍ ጀምሬ ሰረዝኩት። እውነቱን ለመናገር ምናልባት አልሰጥህም ነበር። እንጣላ ይሆናል፣ አኩርፌ ሁለት ወር አልደውልልህ ይሆናል። ግን ሰው ከወንድሙ ጋር የሚጣላው ፊት ለፊት ነው። አንተ ግን ከፔሮል ጋር እንደምትሠራው አደረግከኝ፤ የምትፈልጋትን መስመር ብቻ አውጥተህ ሌላውን ደበቅከው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ደብዳቤው ይታመን ዘንድ የራሴንም ልናገር። ለእማዬ "ሁለት ክፍል ቤት አለኝ" ብዬ የጻፍኩት ውሸት ነው። አንድ ክፍል ናት፣ ከውሾቹ ማደሪያ በላይ፤ አንዱ ውሻ ባለቤቱ ናፍቆት ካለቀሰ ሕንፃው ሙሉ ሲያለቅስ ያነጋል። የላክሁት ፎቶ ላይ ተደግፌው የቆምኩት መኪና የሽማግሌው ሐኪም ነው። "ምግብ ተርፎኝ እጥላለሁ" ያልኩትም ልክ አይደለም። እንዳታዝን ብዬ ነው፤ ኩራትም አለበት። ምናልባት እኔ ላይ ላዩን ባላሳምርላችሁ ኖሮ አጎታችንም ያንን ቁጥር ሲያዩ ቶሎ ባላመኑህ ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ እማዬ ስትሰማው ደግሞ የባሰ አፍራለሁ። ቢሆንም ትስማ።

አሁን የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ስለ ክፍሉ ከአንተ ጋር አልከራከርም፤ አጎታችን ውሉን ያልታጠፈ ወረቀት ይዘው እንደገና እንደሚያዩት ነግረውኛል፣ ጎረቤቶቹንም ይጠራሉ። ከአንተ የምፈልገው ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንድታነብላት ነው። ስለ አንተ ያልኩትንም፣ ስለ ውሾቹ ማደሪያም፣ ሁሉንም። መነጽርህን አድርገህ፣ አጠገቧ ተቀምጠህ፣ በዚያ የመምህራኑን ስም በምትጠራበት ድምፅህ አንብብላት። የዚህኑ ደብዳቤ ግልባጭ ለአጎታችን ልኬያለሁ። ከደረሳችሁ በኋላ ባለው እሑድ ይመጣሉ፤ ለአንተ ምንም አይሉህም። እማዬን ብቻ "ልጅሽ ምን አለችሽ?" ብለው ይጠይቋታል።

ላስፈራራህ አይደለም። ማለቴ፣ ትንሽ ላስፈራራህ ነው። ግን ከዚያ በላይ፣ እሑድ ሲጠይቋት እሷ ሁሉንም አንድ በአንድ እየተረከች አጎታችን አፋቸውን ከፍተው ሲቀሩ፣ አንተም ጥግ ላይ ራስህን ደፍተህ ስትሰማ በዓይነ ሕሊናዬ ይታየኛል። እንደዚያ ከሆነ ከአንተ ጋር የማወራበት መንገድ ይኖረኛል። ሣጥን ላይ ተቀምጣ ቀለም የምትይዝልህ ልጅ ገና ሙሉ በሙሉ አልጠላችህም።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ለእትዬ፣ ከእሷ ጋር ቂም የለኝም፤ የምታውቀውን ያህል ራሷ ትንገረኝ፣ እስከዚያ ጉንጯን ሳምልኝ። ለትልቋ ልጅህ፣ በሒሳብ አንደኛ መውጣቷን ሰምቼ እልል ብያለሁ፤ የዚህን ደብዳቤ ቁጥሮች እሷም ትደምራቸው፣ ካልተሳሳትኩ ልክ ይመጣሉ። ለመንትዮቹ፣ አንዱን ስትስም ሌላውን እንዳትረሳ፣ ያኮርፋል። ለትንሹ፣ ደብተር መብላቱን ትቶ እንደሆነ ጠይቁልኝ፤ ካልተወ ከብት ሐኪም አክስት አለችው። ለአጎታችን ልብስ ሰፊው፣ ከመርፌ ክራቸው ቀና ሲሉ እጅ ነስቻለሁ በሉልኝ። ለሁለቱ ጎረቤቶችም ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ አልተቀየምኳቸውም፣ የታያቸውን ነው የፈረሙት።

ለእማዬ፣ ጉልበቷን፣ እጇን፣ ያችን ቀለም የነካች ጣቷንም ሳምልኝ። ሌላውን ሁሉ ብትዘልለው እንኳ የመጨረሻዋን መስመር አትዝለልብኝ፦

እማዬ፣ ጠብቂኝ።

እህትህ ጩጬ

ከክሊኒኩ ላይኛው ክፍል፣ ከውሾቹ ማደሪያ በላይ
ኅዳር ፲፩ ቀን

አባሪ፦ የዚህ ወር የደመወዝ ወረቀት፣ አንድ ገጽ፣ ያልታጠፈ።